መንጋጋ ላይ የወጣ እጢ፦ ከደሴ ጥርስ ቤት እስከ ቀዶ ሕክምና ያለውን አገልግሎት ስንመዝነው

ከባቲ ይምጣ ከወረኢሉ፣ ከመርሳ ይሁን ከላስታ፣ የፊት አጥንቱ ላይ እጢ የወጣበት ሰው መጀመሪያ የሚሄደው ቀዶ ሐኪም ዘንድ ሳይሆን ጥርስ ቤት ነው። መንጋጋ ጥርሱ ተነቃንቆበታል፣ ወይም ጉንጩ ባንድ ወገን ሞላ ብሏል፤ ሕመም የሚባል ግን የለውም። ስለዚህ አገልግሎቱን ከቢላው ጀምሮ መመዘን ትርጉም የለውም። በኋላ የሚመጣው ደግም ክፉም አብዛኛው የሚወሰነው ጥርስ ቤቱ ወንበር ላይ ነው።

እዚህ የምንመዝነው አንድ ክሊኒክ ወይም አንድ ሆስፒታል አይደለም፤ የማንንም ስም አንጠራም። የምንመዝነው በወልድያ፣ በኮምቦልቻና በደሴ ጥርስ ቤቶች ተጀምሮ፣ በራጅና በሲቲ ስካን አልፎ፣ ብዙ ጊዜ 400 ኪሎ ሜትር ግድም ተጉዞ አዲስ አበባ ላይ የሚያበቃውን መንገድ ነው። ፍርዳችንን ከወዲሁ ለመናገር፦ ፎቶ ማንሣቱ ደህና ነው፤ ናሙና አወሳሰዱ ደካማ ነው፤ ቀዶ ሕክምናው እንደ ሠሪው እጅና እንደ ዕቃው ይለያያል፤ ክትትሉ ግን ከሁሉም የባሰ ነው።

መጀመሪያ ወንበሩ። ያልተበላ፣ ያልቦረቦረ ጥርስ በ30 ዓመት ሰው አፍ ውስጥ ያለ ምክንያት አይነቃነቅም። ድዱ ጤነኛ ሆኖ ሁለት ጎረቤታም ጥርሶች ከተነቃነቁ፣ ወይም ጥርሶቹ ከቦታቸው ተገፍተው መካከላቸው ከተከፈተ፣ ከሥር የሚገፋ ነገር አለ ማለት ነው። ጥሩ ጥርስ ቤት እዚህ ላይ ጉጠቱን አስቀምጦ ራጅ ያዛል። መጥፎው ጥርሱን ነቅሎ፣ ፀረ ተሕዋሲያን አዝዞ፣ «ካልተሻለህ ተመለስ» ይላል። የተነቀለበት ጉድጓድ አይደርቅም፤ ሥጋ መሰል ነገር ከውስጡ ብቅ ይላል፣ ኢንፌክሽን ይገባበታል፣ ከዚያ በኋላ የሚወሰደው ናሙናም በቁስሉ መግል ተበላሽቶ በማይክሮስኮፕ ለሚያነበው ሐኪም ግራ ይሆናል። ይህ ግን ቀላሉ ጥፋት ነው። ከባዱ የሚመጣው እብጠቱ በአጥንት ውስጥ የተሰባሰበ የደም ሥር ከሆነ ነው፤ እንዲህ ካለው አጥንት ላይ ጥርስ ሲነቀል የሚፈሰው ደም በጥጥ አይቆምም፤ ሰውም ሊሞትበት ይችላል።

በወሎ አንድ ተጨማሪ መደበቂያ አለ፤ ጫት። ጫት የሚይዝ ጉንጭ ስለሚነፋ፣ በዚያው ወገን የጀመረ የአጥንት እብጠት ወራትን ሳይታይ ያልፋል። መለያው ቀላል ነው። ጠዋት፣ ገና ምንም ሳይቃም፣ አውራ ጣትን በከንፈርና በድድ መካከል አስገብቶ አጥንቱን ተከትሎ ወደ ኋላ መሄድ ነው። ጫት የለጠጠው ጉንጭ ልል ነው፤ እጢ ያለበት አጥንት ግን ጠጣር ሆኖ ወደ ውጭ ይወጣል። አጥንቱ ከሳሳ ደግሞ ሲጫኑት እንደ እንቁላል ቅርፊት ረገብ ይላል፣ ጠቅ የሚል ስሜትም ይሰጣል። ይህን ያገኘ ሰው ጉንጭ አልፋ ክርክር ውስጥ አይግባ፤ በቀጥታ ወደ ራጅ።

ራጁ ፓኖራሚክ የሚባለው ነው፤ ማሽኑ በፊት ዙሪያ ከ12 እስከ 18 ሰከንድ እየዞረ ሁለቱንም መንጋጋ ባንድ ፊልም ያወጣል። እዚህ ላይ የሚበላሸው ጥቃቅኑ ነገር ነው። ጉትቻ ካልወለቀ ጥላው በተቃራኒው ወገን፣ ከፍ ብሎ ይወድቃልና የሌለ ነገር ያሳያል። የማተብ መስቀል፣ በብረት የታሸገ ክታብ፣ የፀጉር ጌጥ ሁሉ እንደዚሁ ነው፤ አንሺው ቀድሞ ካልጠየቀ ታካሚው ራሱ አውልቆ ለአስታማሚው ይስጥ። ምላስ ላንቃ ላይ ካልተለጠፈ ደግሞ የላይኛው መንጋጋ በጥቁር አየር ጥላ ይሸፈናል። በፓኖራሚክ አነሣስ በኩል የወሎ ከተሞች ሥራ በአመዛኙ ያስመሰግናል፤ ፊልሙ አዲስ አበባ ደርሶ «ድገሙ» የሚባለው አልፎ አልፎ ነው።

ሲቲው ላይ ግን ሁለት ስሕተት ይደጋገማል። አንደኛው፣ ትእዛዙ «የጭንቅላት ሲቲ» ተብሎ ይጻፍና ምስሉ ላይኛው መንጋጋ ላይ ይቆማል፤ የታችኛው መንጋጋ ሳይነሣ ገንዘቡ ይከፈላል። ትእዛዙ ላይ «ከዓይን ቅንድብ እስከ አገጭ በታች፣ የአጥንት ምስል፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች» ተብሎ ይጻፍ። ሁለተኛው፣ ታካሚው አንድ ትልቅ ፊልም ብቻ ተሸክሞ ይወጣል። ቀዶ ሐኪሙ የሚፈልገው ዲስኩን ነው፤ በኮምፒውተር ላይ ቆርጦና አዙሮ የሚለካው ከእሱ ነው። ዲስኩን ሳይቀበሉ ከግቢው አለመውጣት ነው። የ2014ቱ ጦርነት የአካባቢውን የሕክምና መሣሪያ ብዙ ጎድቶ ስለነበር፣ ከገጠር ከመነሣታችሁ በፊት ማሽኑ እየሠራ መሆኑን ስልክ ደውሎ መጠየቅ የሁለት ቀን መንገድ ያተርፋል።

የራጁ መልክ ብዙ ይናገራል፤ ሁሉን ግን አይናገርም። የሳሙና አረፋ ወይም የማር እንጀራ የመሰለ፣ የጥርስ ሥር በልቶ ያሳጠረ ጥላ በታችኛው መንጋጋ የኋላ ክፍል ከታየ መጀመሪያ የሚታሰበው አሜሎብላስቶማ ነው። ጥርስን ከሚሠሩት ሴሎች ቅሪት ይነሣል፤ በዓመት ከ1 ሚሊዮን ሰው አንዱን ያህል ወይም ያነሰ ነው የሚይዘው፤ አምስት ከሆኑ አራቱ በታችኛው መንጋጋ ናቸው። ነቀርሳ አይደለም፤ በደም ተሠራጭቶ ሳንባ ላይ መውጣቱ እጅግ ብርቅ ነው። ግን ባለበት ይበላል፤ በሽታው «ደህና» የተባለው ስለማይሠራጭ እንጂ ስለማይጎዳ አይደለም። ፋይብረስ ዲስፕላሲያ፣ ማለትም ጤነኛው አጥንት በጅማት መሰል ሥጋ የሚተካበት በሽታ፣ በሌላ በኩል ጭጋግ የለበሰ መስታወት ይመስላል፤ ዳር ድንበር የለውም፣ ከጤነኛው አጥንት ጋር እየተዋሐደ ይጠፋል። ኦሲፋይንግ ፋይብሮማ የሚባለው እጢ ከእሱ ጋር በማይክሮስኮፕ መንትያ ነው ማለት ይቻላል፤ ነገር ግን ራጁ ላይ እንደ እንቁላል ተለይቶ የተከበበ ነው። ለዚህ ነው ናሙናው ከራጁ ጋር ካልተላከ ውጤቱ ላይ «ፋይብሮ ኦሲየስ» የሚል፣ ሁለቱንም የሚያጠቃልል ጥቅል ስም ብቻ ተጽፎ የሚመለሰው። ናሙናውን ያነበበው ሐኪም አልሰነፈም፤ ግማሹን መረጃ የነፈገው ላኪው ነው።

ከናሙና በፊት መርፌ። ይህችን እርምጃ የማያደርግ ቤት ነጥቡን ሁሉ ያጣል። በአካባቢ ማደንዘዣ፣ 18 ቁጥር መርፌ ከ10 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ጋር ተደርጎ፣ አጥንቱ በሳሳበት ቦታ ወደ ውስጥ ይገባና ይሳባል። ደማቅ ደም ራሱ ስሪንጁን እየገፋ ከመጣ፣ ሥራው እዚያው ይቆማል፤ ናሙናም ጥርስም አይነካም፣ ታካሚው የደም ሥር ምርመራና ሕክምና ወዳለበት ይላካል። ገለባ ቀለም ያለው ፈሳሽ ከመጣ ከረጢት ወይም ባለ አንድ ክፍል አሜሎብላስቶማ ይታሰባል። ነጣ ያለ ወፍራም፣ እርጎ የመሰለ ነገር ከሆነ ኬራቶሲስት የሚባለው የከረጢት ዓይነት ይታሰባል። ምንም ካልመጣ ጠጣር ነው። ሥራው አምስት ደቂቃ አይፈጅም፤ መርፌውም ርካሽ ነው።

ናሙናው ራሱ ከጥልቁ መወሰድ አለበት። ከላይ ድዱን ላጥ አድርጎ የተወሰደ ቁራጭ «የተቆጣ ሥጋ» የሚል መልስ ብቻ ይዞ ይመለሳል። አጥንቱ ተከፍቶ፣ ቢያንስ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ቁራጭ ከእጢው ውስጥ ይወጣል። ወዲያው 10 በመቶ ፎርማሊን ውስጥ ይገባል፤ ፎርማሊኑ በመጠን የናሙናውን ቢያንስ 10 እጥፍ መሆን አለበት። የግሉኮስ ከረጢት ውኃ፣ ሳላይን (የሕክምና ጨው ውኃ)፣ አረቄ ምትክ አይሆኑም፤ በሳላይን ውስጥ ደሴ ላይ የተኛ ናሙና አዲስ አበባ ሲደርስ በስብሷል። አፉ የጠበበ የመድኃኒት ጠርሙስም አይሁን፤ ፎርማሊን ውስጥ የጠነከረ ቁራጭ ተመልሶ ላይወጣ ይችላል። ጠርሙሱ ላይ፦ ስም፣ ዕድሜ፣ ፆታ፣ የትኛው መንጋጋ፣ ቀኝ ወይስ ግራ፣ የተወሰደበት ቀን። ከጠርሙሱ ጋር የራጁ ቅጂና ሐኪሙ የጠረጠረው ነገር። አጥንት ያለበት ናሙና በአሲድ እስኪለሰልስ ቀናት፣ አንዳንዴም ሳምንታት ይፈጃል፤ «በሦስት ቀን ና» የሚል ቤት ወይ አጥንቱን ሳያለሰልስ ሊያነበው ነው ወይ ቀጠሮውን ሊያፈርስ ነው። ናሙናው እዚያው ይነበባል ወይስ ይላካል? ማን ያደርሰዋል? ይህ ካልተጠየቀ በደሴና በአዲስ አበባ መካከል ጠርሙስ ይጠፋል።

ውጤቱ «ጃያንት ሴል»፣ ማለትም ግዙፍ ሴሎች ያሉበት እብጠት፣ ካለ ቀዶ ሕክምና ከመቀጠሩ በፊት በደም ካልሲየም፣ ፎስፈረስና ፓራታይሮይድ ሆርሞን ይለካ። አንገት ውስጥ ያሉት ፓራታይሮይድ እጢዎች ሆርሞናቸው ሲበዛ መንጋጋ ላይ በማይክሮስኮፕ የማይለይ ተመሳሳይ እብጠት ያወጣሉ፤ አንገቱ ታክሞ መንጋጋው ራሱ ሊመለስ የሚችልበት ጊዜ አለ። ይህን ምርመራ ሳያዝ መንጋጋ የሚቀድ ሐኪም የተሳሳተውን በር እያንኳኳ ነው። እንዲሁም መንጋጋና ግንባር ላይ ብዙ ኦስቲዮማ፣ ማለትም ድንጋይ የመሰለ የአጥንት ጉብታ፣ ከቁጥር በላይ ከበቀሉ ጥርሶች ጋር የታየበት ወጣት ትልቁ አንጀቱ በመሣሪያ ይታይ፤ ጋርድነር የሚባለው የቤተሰብ በሽታ አንጀት ውስጥ ወደ ካንሰር የሚለወጡ ጉብታዎች ያበቅላል።

አሁን ቀዶ ሕክምናው። ትልቁ ቅሬታችን እዚህ ነው፤ «ፍቆ ማውጣት» ለሁሉም እንደ አንድ መድኃኒት ይሸጣል። አጭር ነው፣ ርካሽ ነው፣ ታካሚው በማግስቱ ወደ ቤቱ ይሄዳል። ለኦሲፋይንግ ፋይብሮማ ተስማሚ ነው፤ ከመኖሪያው እንደ ለውዝ ከቅርፊቱ ተለይቶ ይወጣል። ለአሜሎብላስቶማ ግን የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ነው፤ ያውም የፈሰሰው ሁሉ አይለቀምም። ሴሎቹ በራጁ ከሚታየው ድንበር አልፈው ስፖንጅ በሚመስለው አጥንት መካከል ስለሚገቡ፣ ሲፋቁ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ተመልሰው ይመጣሉ። ሚክሶማ የሚባለው የመንጋጋ እጢ ደግሞ ሲከፈት እንደ ተልባ ውኃ ይዝለገለጋል፤ በማንኪያ የሚያዝ ነገር አይደለም። እነዚህ ሁለቱ በራጅ ከሚታየው ዳር ከ1 እስከ 2 ሴንቲ ሜትር ደህና አጥንት ተጨምሮ ይቆረጣሉ። አጥንቱን በስቶ ወደ ሥጋ የወጣ ከሆነ በዚያ ቦታ የአጥንቱ ሽፋንና በላዩ ያለው አንድ ድርብ ሥጋም አብሮ ይወጣል። ባለ አንድ ክፍል አሜሎብላስቶማ በልጅ ላይ ከሆነ ግን ቀለል ያለ መንገድ ይቻላል፤ ለዚህም ነው ስሙ ከነዓይነቱ መጻፍ ያለበት።

ፋይብረስ ዲስፕላሲያ በተቃራኒው ብዙ ጊዜ የሚበጀው መጠበቅ ነው። ከጉርምስና በኋላ ዕድገቱ ይዘገያል፤ ፊቱን ያጣመመውን መላጨት ከዚያ በኋላ ይሻላል፤ ቀድሞ የተላጨ ልጅ እንደገና ይሞላል። ዓይኑ በደህና እያየ «ለጥንቃቄ» ተብሎ የዓይን ነርቭ ዙሪያ አጥንት መቅደድ ራሱ ዓይን ሊያጠፋ ስለሚችል አይደረግም። ወላጅ «ለምን ዝም ትላላችሁ?» ቢል አይፈረድበትም፤ ግን ዝም ማለት ሳይሆን በየዓመቱ እየለኩ መጠበቅ ነው።

የታችኛው መንጋጋ ሲቆረጥ ምን እንደሚሆን ደረጃውን ማወቅ ጥሩ ጥያቄ ለመጠየቅ ይረዳል። የሰመመን ቱቦው በአፍ ሳይሆን በአፍንጫ ይገባል፤ ጥርሶች እየተገጠሙ መታየት አለባቸውና። ላይና ታች ጥርሶች በሽቦ ይታሠራሉ። ቆዳው ከመንጋጋው ጠርዝ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይቀደዳል፤ ከዚያ ከፍ ካለ የታችኛውን ከንፈር የሚያንቀሳቅሰው ነርቭ ይነካና አፍ ይጣመማል። ከዚያ፣ ገና አጥንቱ ሳይቆረጥ፣ ፕሌቱ፣ ማለትም የተቆረጠውን መንጋጋ የሚያያይዘው ብረት፣ በመንጋጋው ቅርጽ ታጥፎ፣ የብሎኖቹ ቀዳዳ ተሰርስሮ ይወልቃል። ይህ ቅደም ተከተል ቁልፍ ነው፤ አጥንቱ ከተቆረጠ በኋላ ፕሌት ማጠፍ የጀመረ እጅ ጥርሱ የማይገጥም መንጋጋ ይሠራል። መጋዙ እየሠራ ሳላይን ያለማቋረጥ ይፈስበታል፤ የተቃጠለ አጥንት ብሎን አይዝም። እጢው ከወጣ በኋላ ፕሌቱ ወደ ቀዳዳዎቹ ይመለሳል፤ በየጫፉ ቢያንስ ሦስት ብሎን፣ አራት ቢሆን ይሻላል።

ፕሌቱ ከውጭ ግዙ ከተባለ ወረቀቱ ላይ ይጻፍ፦ ቲታኒየም፣ ባለ 2.4 ሚሊ ሜትር ብሎን የመንጋጋ መልሶ ማቋቋሚያ ፕሌት። ለተሰበረ መንጋጋ የሚያገለግለው ስስ ፕሌት የጎደለ አጥንት ክፍተት አይሸከምም፤ ይሰበራል። ጉድለቱን የሚሞላው አጥንት ደግሞ እስከ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ድረስ ከዳሌ ሊወሰድ ይችላል፤ ከዚያ ከረዘመ ከደም ሥሩ ጋር የሚነሣው የቅልጥም ቀጭን አጥንት፣ ፊቡላ፣ ያስፈልጋል። ለዚያ ማይክሮስኮፕ፣ የደም ሥር ስፌት የሚችል ቡድንና ረጅም ሰዓት ያስፈልጋልና የትም አይሠራም። ፕሌት ብቻ አድርጎ «ቆይቶ አጥንት እንጨምራለን» ማለት ነውር አይደለም፤ ነውሩ ያንን ለታካሚው አለመንገር ነው። አገጩ ራሱ የሚቆረጥ ከሆነ ግን ጉዳዩ ሌላ ነው። ምላስን ወደ ፊት የያዙት ጡንቻዎች እዚያ ናቸው፤ ሲለቁ ምላስ ወደ ኋላ ይወድቃል፣ አየር ይዘጋል። «አገጩ ይነካል ወይ? ከተነካ አየር መንገዱን እንዴት ትጠብቁታላችሁ?» የሚለውን ጥያቄ ያለ እፍረት ጠይቁ። የከንፈርና የአገጭ መደንዘዝ ግን ነርቩ ከእጢው ጋር ስለሚወጣ የሚጠበቅ ነው፤ ቀድሞ ካልተነገረ እንደ ስሕተት ይቆጠራል።

ወጪው ላይ ሰው የሚደናገረው ዋጋው ተጠቅልሎ ስለሚነገር ነው። ፕሌት፣ ብሎን በቁጥር፣ ደም፣ ፓቶሎጂ (የናሙና ምርመራ)፣ አልጋ፣ ለየብቻ ይጻፍ። ከታካሚው ደም ጋር የተመሳከረ ሁለት ከረጢት ደም ከቀዶው በፊት መዘጋጀቱን አረጋግጡ፤ ደም የሚሰጥ ዘመድ አብሮ ቢሄድ ይመረጣል። የማኅበረሰብ ጤና መድን ካርድ ያለው ሰው ሪፈር ወረቀቱን ከጤና ጣቢያው ጀምሮ በደረጃ ያስጽፍ፤ በቀጥታ አዲስ አበባ የሄደ ብዙ ጊዜ ከኪሱ ይከፍላል።

ከቀዶ በኋላ አፍ ውስጥ ስፌት ካለ ከ7 እስከ 10 ቀን በአፍንጫ ቱቦ ይመገባል። ቀጥሎ አጥሚት፣ የተጣራ ሾርባ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ቀጠን ያለ ገንፎ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጥሬ ሥጋና ጫት ለስድስት ሳምንት ያህል የለም፤ ከጫቱም ከሲጋራውም የሚመጣው የተከፈተ ስፌትና የታየ ፕሌት ነው። በረመዳንም ይሁን በሁዳዴ ቁስሉ እስኪደርቅ የሚበላው አይቀነስም፤ ለአልጋ በሽተኛ ሸሁም የነፍስ አባቱም ፈቃድ አይነፍጉም፣ ቀድሞ ማናገር ነው። ከምግብ ሁሉ በኋላ ክሎርሄክሲዲን በሚባለው የአፍ ማጠቢያ ወይም ለብ ባለ የጨው ውኃ መጉመጥመጥ። አፍ መክፈት ቶሎ ይለመድ፤ በቁም የተደረደረ ሦስት ጣት የሚያስገባ አፍ ነው ግቡ።

ክትትሉ ላይ ለዚህ መንገድ የምንሰጠው ነጥብ ዝቅተኛው ነው። አሜሎብላስቶማ ከተመለሰ ግማሽ ያህሉ በመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ነው የሚመለሰው፤ ከ10 ዓመት በኋላ የሚመጣም አለ። መውጫ ወረቀቱ ላይ ግን ብዙ ጊዜ «ከ1 ወር በኋላ» የሚል አንድ ቀጠሮ ብቻ ይጻፋል፣ ከዚያ ዝምታ። ክትትሉ በደሴ ሊሠራ የሚችል ነገር ነው፤ ፓኖራሚክ ለማንሣት አዲስ አበባ ድረስ መንገላታት አያስፈልግም። በመጀመሪያው ዓመት በየ6 ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ እስከ 10 ዓመት፣ እዚሁ ተነሥቶ ፊልሙ ለቀዶ ሐኪሙ በስልክ ይላክለት፤ የጥርስ ሐኪሙም አዲሱን ፊልም ከአሮጌው አጠገብ ያስቀምጥ፣ በፕሌቱ ጫፍና በመጨረሻው ብሎን ዙሪያ የጠቆረ ቦታ መኖሩን ይይ። የመጀመሪያው ፊልም፣ የሲቲው ዲስክና የፓቶሎጂ ውጤቱ በአንድ ፕላስቲክ ከረጢት ሆነው ሣጥን ውስጥ፣ ከመታወቂያው ጋር ይቀመጡ።